«የለም» ብዬ የሞላሁት አባሪ፦ በጋራ የቴክኖሎጂ ምርምር ስለ ገንዘብና ስለ ፈጠራ ባለቤትነት የተማርኩት

በጋራ ምርምር ፕሮጀክት ውስጥ ባሳለፍኳቸው ሦስት ዓመታት ከሁሉ በላይ ያስከፈለኝ አንድ ቃል ነው። ከሦስት የአውሮፓ አገሮች ከመጡ ሁለት የምርምር ተቋማትና አንድ ማሽን አምራች ኩባንያ፣ እንዲሁም ከአንድ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ጋር በፈረምነው የኮንሶርሽየም (የአባላት ኅብረት) ስምምነት መጨረሻ ላይ፣ እያንዳንዱ አባል ወደ ፕሮጀክቱ ይዞት የሚገባውን ቀድሞ የነበረ ዕውቀት የሚዘረዝርበት አባሪ ነበር። በሐዋሳ ከተማ የእርሻ ምርት ማቀነባበሪያ መሣሪያዎችን የሚሠራው አነስተኛ ድርጅታችን ቅጹ ሲደርሰው «የለም» ብዬ ሞልቼ መለስኩት። በእጃችን ፓተንት፣ ማለትም ለፈጠራ በመንግሥት የሚሰጥ የባለቤትነት ሰነድ፣ ስላልነበረ፣ የተጠየቅኩት ስለ ፓተንት ብቻ መስሎኝ ነበር። ያ አባሪ ግን የሚጠይቀው ፓተንትን ብቻ አይደለም፤ ንድፍን፣ የሙከራ መረጃን፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን፣ በልምድ የተገኘ የአሠራር ዘዴን፣ በአጠቃላይ ከፕሮጀክቱ በፊት በእጅ የነበረና ለሥራው የሚያስፈልግን ማንኛውንም ነገር ይጠይቃል።

ይህን የምጽፈው እንደኛ ላሉ አነስተኛ ድርጅቶችና ከውጭ አጋሮች ጋር ለመሥራት ለሚዘጋጁ ተመራማሪዎች ነው። ብዙዎቻችን የምርምር ድጋፍ ጥሪ ሲወጣ በቴክኒክ ክፍሉ ላይ ሌሊት እያደርን፣ የገንዘቡን ሠንጠረዥ ለሂሳብ ሠራተኛ፣ ስምምነቱን ደግሞ ለአስተባባሪው እንተዋለን። እኔም እንደዚያው ነበር ያደረግኩት።

ወደ ፕሮጀክቱ ይዘነው የገባነው ማሽን የእንሰት መፋቂያ ነው። በሲዳማ ገጠር እንሰት የሚፋቀው እናቶች ዘንበል ብሎ በቆመ ሳንቃ ፊት ተቀምጠው፣ የግንዱን ሽፋን በአንድ እግራቸው ሳንቃው ላይ አጣብቀው፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች በመፋቅ ነው። ፍቀቱ ከሥር በተነጠፈው የእንሰት ቅጠል ላይ ይወርዳል፤ ቃጫው ይቀራል። አንዲት እናት ይህን ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ ስትሠራ ያየ ሰው ስለ ወገብና ስለ ጉልበት ሕመም ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ2011 ዓ.ም. ከአንጎላሬና ከላሜራ የመጀመሪያውን ናሙና ሠርተን፣ በሞተርና በቺንጋ የሚዞር ባለ ስለት ድራም ገጥመንለት፣ ከከተማው ብዙም ወደማይርቅ አንድ ቀበሌ ወሰድነው። ማሽኑ ፈጣን ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከማሽኑ የወጣውን ቃጫ አንስተው በሁለት እጃቸው ሳብ ሲያደርጉት ተበጠሰ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ቢላ ነው» አሉኝ። «ቀርከሃው አይቆርጥም፤ ተጭኖ ነው የሚፍቀው። ቃጫዬ ከተበጣጠሰ ገበያ ላይ ማን ይገዛኛል?»

ወደ ወርክሾፕ ተመልሰን የስለቱን ጫፍ በግራይንደር አደነዝነው፤ ከድራሙ ፊት ለፊት ያለውን ሳህን ደግሞ ከኋላው በሞላ ደገፍነው፤ ሽፋኑ ወፍራም ሲሆን ሳህኑ ወደ ኋላ እንዲሸሽ፣ ሲሳሳ ደግሞ እንዲጠጋ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቃጫው ሳይበጠስ መውጣት ጀመረ። እንግዲህ የማሽኑ ልብ ይህ ነበር። ንድፉን የምንሠራበት ባለ ጠንካራ ሽፋን መዝገብ ላይ ሥዕሉን፣ የሞላውን ውፍረትና የድራሙን ፍጥነት በቀን መዝግቤው ነበር። መዝገቡ ለራሳችን ማስታወሻ እንጂ ለማንም ማስረጃ ይሆናል ብዬ አስቤው አላውቅም።

ፕሮጀክቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ተጀመረ። ገንዘቡ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 ከሚቆየው የአውሮፓ ኅብረት የምርምርና የፈጠራ መርሐ ግብር ከሆራይዘን ዩሮፕ ነው። ኢትዮጵያ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች መካከል ስለሆነች፣ ጥሪው በተለየ ሁኔታ ካልከለከለ በስተቀር የአገራችን ድርጅቶች እንደ ማንኛውም አባል በቀጥታ ድጋፍ ማግኘት ይችላሉ። ይህን የማያውቁ ብዙ ድርጅቶች በንዑስ ተቋራጭነት ብቻ ሲገቡ አያለሁ። ልዩነቱ ደግሞ ትልቅ ነው፤ ንዑስ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ይከፈለዋል፣ የሥራው ውጤት ግን እንደ ደንቡ ለቀጠረው ይተላለፋል፤ ሙሉ አባል ግን ያፈለቀው ውጤት ባለቤት ነው። ስለዚህ ስለ ገንዘቡ የምትወስኑት የመጀመሪያ ውሳኔ በዚያው ስለ ባለቤትነትም የምትወስኑት ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ሊገባደድ ሲል አጋራችን የሆነው ማሽን አምራች ኩባንያ የውጤቶች ዝርዝር አቀረበ። ከዝርዝሩ ሦስተኛው መስመር ላይ ጫፉ የደነዘ ስለት ያለው ድራምና በሞላ የተደገፈ ሳህን፣ ኩባንያው በፕሮጀክቱ ያፈለቀው ውጤት ተብሎ ተመዝግቧል። መሐንዲሶቻቸው ከእኛ የተላከውን ናሙና ለክተው በኮምፒውተር ዳግም ነድፈውት፣ ብረቱን በማይዝግ ብረት ተክተው፣ የድራሙ ስለቶች፣ ማለትም ጥርሶቹ፣ ሲያልቁ በብሎን ተፈትተው እንዲቀየሩ አድርገው ነበር። መልካም ሥራ ነው። ሐሳቡ ግን የኛ ነበር። ደውዬ ስናገር የተሰጠኝ መልስ ጨዋነት የተሞላበትና አጭር ነበር፦ «በአባሪው ላይ ቀድሞ የነበረ ዕውቀት የለንም ብላችኋል።»

በወቅቱ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ግን ኩባንያው ሊያታልለን ሞክሯል ብዬ አላምንም። በፊታቸው ያለውን ሰነድ ነው ያነበቡት። የድጋፍ ስምምነቱ የሚለው ግልጽ ነው፤ ውጤት ያፈለቀው አባል የውጤቱ ባለቤት ነው፤ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አባላት አብረው አፍልቀውት የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ካልተቻለ ደግሞ የጋራ ይሆናል። ቀድሞ የነበረ ዕውቀት ግን ከዚህ ውጭ ነው። አባላት እርስ በርሳቸው ለሥራው እንዲጠቀሙበት ያለ ክፍያ መፍቀድ ቢኖርባቸውም፣ ባለቤትነቱ ካመጣው ሰው እጅ አይወጣም፤ ከፕሮጀክቱ በኋላ በንግድ ሊጠቀምበት የሚፈልግ ሌላ አባል ደግሞ ተመጣጣኝ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። እንግዲህ አንድ ነገር ከሁለቱ በየትኛው ሳጥን ውስጥ መግባቱ ከዓመታት በኋላ ማን ለማን እንደሚከፍል ይወስናል።

ያዳነን መዝገቡ ነው። በቀን የተጻፈውን ሥዕል ስካን አደረግን፤ ሞላውንና ኩሽኔታውን የገዛንበትን ደረሰኝ ከሂሳብ ፋይል አወጣን፤ በ2011 ዓ.ም. በስልክ የተነሡ ፎቶዎችን ከነቀናቸው አቀረብን፤ ማሽኑን የሞከሩት የእናቶች ማኅበርም በማኅተሙ የጽሑፍ ምስክርነት ሰጠን። ከሁሉ ይልቅ ግን ክብደት ያገኘው፣ የፕሮጀክት ሐሳቡ ገና ሲዘጋጅ ለአስተባባሪው በኢሜይል የላክሁት ፎቶ ነበር፤ በሌላ ሰው ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ ቀኑን እኛ ልንለውጠው የማንችለው ማስረጃ ስለሆነ። የአስተባባሪው ተቋም የሕግ ባለሙያ መፍትሔ ያሉትን አቀረቡ፤ አባሪው በሁሉም አባላት ፊርማ ተሻሽሎ ድራሙና ሳህኑ ቀድሞ የነበረ የኛ ዕውቀት ሆነው ሲመዘገቡ፣ የሚፈታውና የሚገጠመው ጥርስ ደግሞ የኩባንያውና የኛ የጋራ ውጤት ተባለ። ይህ አራት ወር ፈጀ። በአራቱም ወር ሥራው አልቆመም፤ ነገር ግን ማንም ለማንም አዲስ ሐሳብ በነጻነት አይናገርም ነበር፤ ያ ዝምታ ከጊዜው የበለጠ ጎድቶናል ብዬ አስባለሁ።

የጋራ ባለቤትነት የሚለው ቃል ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ያለ ጽሑፍ ስምምነት ግን አስቸጋሪ ነው። ባለቤቶቹ በሌላ መንገድ ካልተስማሙ በቀር፣ እያንዳንዳቸው ለሌሎቹ ከ45 ቀን በፊት አሳውቀውና ተመጣጣኝ ካሳ ከፍለው፣ ለሦስተኛ ወገን ልዩ መብት የማይሰጥ ፈቃድ መስጠት ይችላሉ። ይህ ማለት ኩባንያው አሳውቆንና ካሳ ከፍሎን የጥርሱን አገጣጠም አዲስ አበባ ውስጥ ለሚገኝ ሌላ አምራች ሊሰጥ ይችል ነበር ማለት ነው። እኛ በጽሑፍ የተስማማነው ኢትዮጵያንና ጎረቤት አገሮችን እኛ እንድንይዝ፣ የቀረውን ዓለም ኩባንያው እንዲይዝ፣ የማመልከቻና የዓመታዊ ክፍያ ወጪንም እያንዳንዱ በያዘው ክልል እንዲሸፍን ነው። ወጪውን ማን እንደሚከፍል ያልጻፈ የጋራ ባለቤትነት፣ ክፍያው ሳይከፈል ቀርቶ መብቱ ሲቋረጥ ሁለቱንም ያሳዝናል።

ሌላም ጉዳት ነበር፤ ይህ ግን የማይመለስ ነው። ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት ማሽኑን ሐዋሳ ውስጥ በተዘጋጀ አንድ ባዛር ላይ አሳይተነው ነበር። ሕዝብ ከቦ አይቶታል፣ ስንከፍተውና ስናብራራውም በቪዲዮ ቀርጾታል። በአውሮፓ የፓተንት ሥርዓት ደግሞ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በየትኛውም የዓለም ክፍል ለሕዝብ የተገለጸ ነገር እንደ አዲስ አይቆጠርም፤ ባለቤቱ ራሱ ቢያሳየውም እንኳ ያው ነው። ስለዚህ የድራሙና የሳህኑ የአውሮፓ በር ተዘጋ። የአገራችን የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 በዚህ ረገድ ገር ነው፤ ለፓተንት አመልካቹ ራሱ የገለጸው ነገር ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ከሆነ አዲስነቱን አያሳጣውም። እኛ ግን ያንን ጊዜም አሳልፈነው ነበር። የቀረን ለማንም ያልታየውን የጥርስ አገጣጠም ለብቻው ለይቶ ማመልከት ነበር፤ ይህንንም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በኩል ለአነስተኛ ፈጠራ በሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት መንገድ አስገባነው። ሰርተፊኬቱ የሚቆየው 5 ዓመት ነው፤ ለሌላ 5 ዓመትም ሊታደስ ይችላል። ፓተንት 15 ዓመት ይቆያል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ለእንደኛ ዓይነቱ ማሽን፣ በየጥቂት ዓመቱ ስለሚሻሻል፣ አጭሩ መንገድ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባዛር ላይ ማሽን ማሳየት ገበያ ያመጣል፤ ክዳኑን ከፍቶ ማሳየት ግን ማመልከቻው ከገባ በኋላ ሊሆን ይገባል።

ስለ ገንዘቡ ልናገር። ጥሪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በምርምር ላይ የሚያተኩሩት ለሁሉም አባላት ተቀባይነት ያገኘን ወጪ 100 በመቶ ይሸፍናሉ፤ ወደ ገበያ በሚቀርበው የፈጠራ ሥራ ላይ የሚያተኩሩት ግን ለትርፍ ለተቋቋሙ ድርጅቶች የሚሸፍኑት 70 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ትርፍ የማያገኙ ተቋማት በዚያም ውስጥ 100 በመቶ ያገኛሉ። የኛ ጥሪ ሁለተኛው ዓይነት ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥን አባላት እኩል እየሠራን ዩኒቨርሲቲውና የምርምር ተቋማቱ ሙሉውን ሲያገኙ እኛ 30 በመቶውን ከኪሳችን መሸፈን ነበረብን። ደንቡ ትክክል አይደለም አልልም፤ ከውጤቱ የሚነግደው ድርጅት የራሱን ድርሻ ማዋጣቱ ምክንያት አለው። ነገር ግን ይህን ከፊርማ በኋላ ያወቀ አነስተኛ ድርጅት ሠራተኛ እስከ መበተን ሊደርስ ይችላል።

በቅርብ ላሳያችሁ። ለፕሮጀክቱ አንድ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) በ900,000 ብር ገዛን። እኔ 900,000 ብሩ ይተካልናል ብዬ ነበር። ጥሪው በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር ግን የመሣሪያ ሙሉ ዋጋ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው መሣሪያው በፕሮጀክቱ ጊዜ ያጠፋው የእርጅና ቅናሽ ብቻ ነው። ቶርኖው በሂሳብ መዝገባችን 60 ወር ዕድሜ አለው፤ ለፕሮጀክቱ ብቻ ያገለገለው 30 ወር ነው፤ ስለዚህ ተቀባይነት ያገኘው 450,000 ብር ሆነ። በዚህ ላይ ለመብራት፣ ለኪራይና ለመሳሰሉት ቀጥተኛ ላልሆኑ ወጪዎች 25 በመቶ ማለትም 112,500 ብር ተጨመረና 562,500 ብር ሆነ። ከዚህ 70 በመቶው 393,750 ብር ነው። ቶርኖው አሁን የራሳችን ንብረት ሆኖ እየሠራ ነው፤ ስለዚህ አልከሰርንም። በጥሬ ገንዘብ ግን ከግማሽ በላዩን ራሳችን ይዘን መቆየት ነበረብን።

የሠራተኛ ወጪም እንዲሁ ስሌት አለው። የሠራተኛው የዓመት ወጪ ለ215 ቀን ይካፈልና የቀን ዋጋ ይወጣል። በወር 20,000 ብር የሚከፈለው የብየዳ ባለሙያችን፣ አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ ሲጨመር በዓመት 266,400 ብር ያስወጣል፤ ለ215 ሲካፈል በቀን 1,239 ብር ገደማ ይሆናል። ይህ የሚጠየቀው በፕሮጀክቱ ላይ ለዋለባቸው ቀናት ብቻ ሲሆን፣ ቀናቱ በየወሩ ተመዝግበው ሠራተኛውና ኃላፊው ሊፈርሙባቸው ይገባል። እኛ የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት ቅጽ ከጊዜው በኋላ አሰባስበን አስፈረምን። ይህ መደረግ የለበትም። የማሽን ሙከራ ላይ ለተሳተፉ እናቶች የከፈልነውን የውሎ ክፍያም በመጀመሪያ ያለ ሰነድ ሰጥተን ነበር፤ ያ ወጪ በድጋፉ ሳይተካ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስም፣ ቀን፣ መጠን፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለበት ቅጽ አዘጋጀን፤ ገንዘብ ያዡ ልጅ ወደ ቀበሌው በሄደ ቁጥር ቅጹን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይይዝ ነበር፤ በክረምት ወረቀቱ እንዳይረጥብ ማለት ነው።

የመጀመሪያው የሪፖርት ዘመን ያበቃው ሰኔ 2016 ዓ.ም. ላይ ነው። ሪፖርት ለማቅረብ 60 ቀን ይሰጣል። በዚያ መሐል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኛ በብር ያወጣነው ወጪ ወደ ዩሮ የሚለወጠው ወጪው በወጣበት ዕለት ወይም ገንዘቡ በሚገባበት ዕለት ተመን አይደለም። ዕለታዊ ተመን ለማይወጣላቸው እንደ ብር ላሉ ገንዘቦች፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በየወሩ የሚያወጣው የሂሳብ ተመን በሪፖርቱ ዘመን አማካይ ተሰልቶ ይወሰዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዘመን ወጪያችን በአሮጌው ተመን ወደ ዩሮ ተለወጠና ክፍያው በአዲሱ ተመን ወደ ብር ተመለሰ፤ ተጠቀምን። በሁለተኛው ዘመን ግን ነገሩ ተገለበጠ። ለስሌት እንዲመች ዩሮውን 60 ብር ብንለው 1,800,000 ብር ወጪ 30,000 ዩሮ ይሆናል፤ 120 ብር ብንለው ግን ያው ወጪ 15,000 ዩሮ ብቻ ነው። በጀታችን በዩሮ ስለተጻፈ፣ ያቀድነውን ሥራ ሁሉ ሠርተንም በሪፖርቱ ላይ ግማሹን ያልተጠቀምን መሰልን። ያልተጠየቀ ገንዘብ ደግሞ አይከፈልም። እኛ ቀድመን ለአስተባባሪው አሳውቀን ተጨማሪ የመስክ ሙከራ በበጀቱ ውስጥ አስገባን። ደመወዝ ለመጨመር ያሰበ ድርጅት ጭማሪውን ለፕሮጀክቱ ሠራተኞች ብቻ ሳይሆን ለሁሉም በሚሠራ የጽሑፍ መመሪያ ማድረግ አለበት፤ አለዚያ ተቀባይነት አያገኝም።

የጥሬ ገንዘቡን ፍሰት በተመለከተ፣ የቅድሚያ ክፍያው ሲመጣ ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው የድጋፉ መጠን ለዋስትና ተቀንሶ ይያዛል፤ የሚመለሰውም በመጨረሻ ነው። እስከ ፕሮጀክቱ ማብቂያ የሚከፈለው በጠቅላላው ከ90 በመቶ አይበልጥም። ሪፖርት ከገባ በኋላ ለክፍያ 90 ቀን አለ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የስንት ወር ደመወዝ በባንክ ሊኖር እንደሚገባ ማስላት ከማንኛውም የፕሮጀክት ዕቅድ ይቀድማል።

በሦስተኛው ዓመት አንደኛው የአውሮፓ ተቋም ቆጮ ከሚብላላበት ጉድጓድ ናሙና እንድንልክለት ጠየቀ፤ መብላላቱን የሚያፋጥኑትን ጥቃቅን ሕዋሳት ለማጥናት ነበር። በፖስታ መላክ ቀላል ይመስል ነበር። ነገር ግን የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 እንዲህ ያለውን ናሙና ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ የጥቅም መጋራትም ስምምነት ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረትም በራሱ በኩል፣ ተመራማሪዎቹ የሚጠቀሙበት ናሙና በሕጋዊ መንገድ የተገኘ መሆኑን እንዲያረጋግጡ በደንብ ቁጥር 511/2014 ያስገድዳል። ይህን ስንነግራቸው ተቋሙ ራሱ ጥያቄውን አቆመና ፈቃዱ እስኪገኝ ሙከራው እዚሁ በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ተሠራ። በመዘግየቱ አልተጎዳንም፤ እንዲያውም የመረጃው ባለቤትነት እዚህ ቀረ።

ሁለት ነገር በአጭሩ። ለፕሮጀክቱ የሙቀት መመዝገቢያ የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈው ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ ተማሪ ነበር። ሠራተኛ በሥራው ያፈለቀው ነገር ተቃራኒ ውል ከሌለ የአሠሪው ነው፤ ተማሪ ግን የማንም ሠራተኛ አይደለም። ስለዚህ የጻፈው ፕሮግራም የራሱ ነው፤ መብቱን የሚያስተላልፈውም በጽሑፍ ብቻ ነው። ከእርሱ ጋር ከሥራው በፊት ተነጋግረን፣ ስሙ በፕሮግራሙም በጽሑፉም እንዲቀመጥና በመመረቂያ ጽሑፉ እንዲጠቀምበት ተስማምተን ፈረምን። ሁለተኛው የጥናት ጽሑፍ ስለማሳተም ነው። ውጤት ለማሳተም የፈለገ አባል ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ለሌሎች ያሳውቃል፤ ተቃውሞ ያለው በ15 ቀን ውስጥ ካላቀረበ መብቱ ያልፋል። በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ወርክሾፑን ዘግተን ሳለን እንዲህ ያለ ማሳወቂያ በኢሜይል መጣ፤ ያነበብኩት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። በረቂቁ ውስጥ የጥርሱ አገጣጠም ከነልኬቱ ነበረ፤ ማመልከቻችን ደግሞ ገና አልገባም ነበር። የሦስት ቀን ዕድል ነበረን፤ በዚያው ቀን ምክንያቱን ገልጬ ጻፍኩና ጽሑፉ ለሁለት ወር ዘገየ። ከዚያ ወዲህ የፕሮጀክቱ ኢሜይል የሁለት ሰዎች ኃላፊነት ነው።

አሁን ያልተቋጨው የእናቶቹ ጉዳይ ነው። ቃጫው መበጠስ እንደሌለበት፣ ቀርከሃው ተጭኖ እንጂ ቆርጦ እንደማይፍቅ የነገሩኝ እናት ባይኖሩ ኖሮ ድራሙ እስከ ዛሬ ቢላ ሆኖ ይቀር ነበር። በፈጠራ አዋጁ መሠረት የማሽኑ ፈጣሪ የሚባለው ቴክኒካዊ መፍትሔውን ያገኘው ሰው ነው፤ መፍትሔው የመነጨበት ዕውቀት ግን የእርሳቸውና የማኅበረሰባቸው ነው። አንዳንድ አጋሮች «ይህ የሁሉም ሰው ዕውቀት ነው» ብለው ጉዳዩን ለማለፍ ፈልገው ነበር። እኔ በዚህ አልተስማማሁም። በተሻሻለው አባሪ ላይ ከድራሙ ሥር የማኅበሩ ስም የዕውቀቱ ምንጭ ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል። ማኅበሩ ሁለት ማሽኖች ያለ ክፍያ አግኝቷል፤ ከምንሸጠው ከእያንዳንዱ ማሽን ድርሻ የሚያገኝበት ውልም በአማርኛና በሲዳምኛ ተዘጋጅቷል። የቀረው የድርሻው መጠን ነው። ባለፈው ሳምንት ረቂቁን ይዤ ሄጄ ሳነብላቸው፣ እኚያው እናት እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ማሽኑን ሌላ ሰው ቢሠራውስ ድርሻው ይቀራል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ፈቃድ የምንሰጠው አምራች ሁሉ ተመሳሳይ ግዴታ እንዲገባ የሚል አንቀጽ እየጨመርን ነው፤ የጋራ ባለቤታችን የሆነው ኩባንያም በያዘው ክልል ይህንኑ እንዲቀበል ጠይቀን መልሱን እየጠበቅን ነው።